ፀሐይ ስትገባስ? የሰሞኑ ጥያቄዎቻችሁ

ስለ ፀሐይና ስለ ኒውክሌር ኃይል የላካችኋቸው ጥያቄዎች ተከምረውብኛል። አምስቱን ልመልስ።

ጥያቄ፦ ሶላር ዋጋው እንዲህ ከወረደ በኒውክሌር መድከም ለምን አስፈለገ?

መልስ፦ ስለ ማታው ነዋ! እርግጥ ነው፣ የሶላር ፓኔል ዋጋ እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2020 ባለው ጊዜ ብቻ 90 በመቶ ገደማ ወርዷል። ግን ሰው መብራት የሚያበራው ፀሐይዋ ከገባች በኋላ ነው። 1,000 ሜጋ ዋት አቅም ያለው የኒውክሌር ጣቢያ በደንብ ከተያዘ በዓመት ውስጥ የአቅሙን 90 በመቶ ያህል ያመርታል። ያው አቅም ያለው ሶላር ፀሐይ በሞላበት አገር እንኳ ከ25 በመቶ ብዙም አያልፍ። ስለዚህ ሜጋ ዋቱን ብቻ አይታችሁ ሁለቱን እንዳታወዳድሩ።

ባትሪስ? ትልልቆቹ ባትሪዎች የቀኑን ትርፍ ይዘው ምሽቱን ያሻግራሉ። አብዛኞቹ የተሠሩት ግን ለጥቂት ሰዓታት ነው። ሳምንት ሙሉ ደመና ከሆነ በነሱ ብቻ አይዘለቅም። ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በማትጠፋበት ቦታ እኔ ሶላርና ባትሪን አስቀድማለሁ። ወደ ሰሜን ዋልታ ቀረብ ባሉ፣ ቀኑ ለወራት በሚያጥርባቸው አገሮች ግን ኒውክሌርን አልንቅም።

ጥያቄ፦ የኒውክሌር ጣቢያ ለመገንባት ስንት ዓመት ይፈጃል?

መልስ፦ እንደ ዕድሉ ነው። የፊንላንዱ ኦልኪሉኦቶ 3 ግንባታው እ.ኤ.አ. በ2005 ተጀመረ። በ2009 ያልቃል ተባለ። መደበኛ ሥራ የጀመረው በ2023 ነው! በዚህ ሁሉ ጊዜ የብድሩ ወለድ ይቆጥራል። እኔን ከጨረሩ ይልቅ የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

ጥያቄ፦ በጃፓኑ የፉኩሺማ ኒውክሌር ጣቢያ ላይ አደጋው የደረሰው ማብላያው (ሪአክተሩ፣ ነዳጁ ሙቀት የሚያመነጭበት ክፍል) ሳይጠፋ ቀርቶ ነው?

መልስ፦ ኧረ ጠፍቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 መሬት ሲንቀጠቀጥ በሥራ ላይ የነበሩት ማብላያዎች ራሳቸው ቆመዋል። ነዳጁ ግን ወዲያው አይበርድም፤ ውስጡ ያሉት ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገሮች ሙቀት መስጠታቸውን ይቀጥላሉ። ሱናሚው ጄኔሬተሮቹን ሲያጥለቀልቅ የማቀዝቀዣው ውሃ ቆመ፣ ነዳጁም ቀለጠ። እንዲያም ሆኖ በሚመነጨው ኤሌክትሪክ ልክ ሲሰላ ኒውክሌር የሚገድለው ሰው የድንጋይ ከሰል ጭስ ከሚገድለው ጋር ለንጽጽር አይቀርብም። እዚህ ላይ ከሶላር ጋር ጎን ለጎን ነው።

ጥያቄ፦ ቆሻሻውስ የት ይደርሳል?

መልስ፦ ያገለገለው ነዳጅ ብዛቱ ትንሽ ነው፤ አደገኛነቱ ግን ለብዙ ሺህ ዓመታት ይቆያል። ፊንላንዶች ከ400 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው፣ ኦንካሎ የሚባል መቅበሪያ ከአለት ፈልፍለዋል። ፓኔልም ቢሆን ከ25 እስከ 30 ዓመት ሠርቶ ይወድቃል። አብዛኛው አካሉ መስታወትና አሉሚኒየም ስለሆነ እንደገና ይጠቅማል፣ ሰብሳቢ ከተገኘ።

ጥያቄ፦ ፀሐይዋ ከረር ስትል ፓኔሉ የበለጠ ይሰጣል አይደል?

መልስ፦ ብርሃኗን ይወዳል፣ ሙቀቷን ግን አይወድም። ፓኔሉ ከ25 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲሞቅ በየዲግሪው ከ0.3 እስከ 0.4 በመቶ የሚሆን ኃይል ያጣል። ከጣሪያው ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ግጠሙት፣ ከሥሩ አየር ይለፍ።