ስብሰባው አለቀ፤ ምን ተወሰነ?

ስለ መሥሪያ ቤት ስብሰባ ከደረሱን ጥያቄዎች ለአራቱ መልስ እነሆ።

ጥያቄ፦ ሰኞ ሰኞ 12 የክፍል ኃላፊዎች ለሁለት ሰዓት እንሰበሰባለን፤ ሁሉም ሪፖርቱን አንብቦ ይወጣል። እንዴት እናሳጥረው?

መልስ፦ 12 ሰው ሁለት ሰዓት ሲቀመጥ 24 የሥራ ሰዓት፣ የአንድ ሠራተኛ ሦስት ሙሉ ቀን ይሄዳል። ለሚነበብ ሪፖርት ይህ ያሳዝናል። ሪፖርቱ በአንድ ገጽ ተጽፎ ዓርብ ይበተን፤ ሰኞ ውሳኔ የሚፈልገው ብቻ ይነሣ። አጀንዳው ላይ «ስለ መጋዘን» ብላችሁ አትለፉ፤ ሰው ምን አዘጋጅቶ እንደሚመጣ አያውቅም። «የመጋዘን ጥበቃ ከ2 ሰው ወደ 3 ይደግ ወይ? ለውሳኔ፣ 15 ደቂቃ» ከተባለ ግን ፋይናንሱ የደመወዙን ስሌት ሠርቶ ይመጣል። ለአንድ ሰዓት ሦስት አጀንዳ ይበቃል፤ ከባዱ ይቅደም። «ልዩ ልዩ» የሚባለውን ነጥብ ተጠንቀቁት፤ ማንም ያልተዘጋጀበት ጉዳይ የሚወረወረው እዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ሥራ አስኪያጃችን ሐሳባቸውን ተናግረው «አስተያየት ካላችሁ» ሲሉ ሁሉም ዝም ይላል። ክርክሩ የሚጀምረው ኮሪደር ላይ ነው።

መልስ፦ አለቃን በሰው ፊት መቃወም እንደ ድፍረት ስለሚቆጠር፣ ሰብሳቢው ቀድሞ ከተናገረ ጉዳዩ አለቀ ማለት ነው። ጥያቄውን ብቻ ያቅርቡ፤ ሁሉም ሦስት ደቂቃ ወስዶ ሐሳቡን በወረቀት ይጻፍ። ከዚያ በሥልጣን ዝቅ ካለው ጀምሮ በየተራ ይነበብ፤ እርሳቸው መጨረሻ ይናገሩ። «ይህ ዕቅድ ቢበላሽ የቱ ጋ ይበላሻል?» የሚል ጥያቄም ሰውን ያናግራል፤ መልሱ ዕቅዱን እንጂ አለቃውን መንቀፍ አይሆንምና። ይህን ግን ለብቻቸው ንገሯቸው።

ጥያቄ፦ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ። የተባለውን ሁሉ ልጻፍ?

መልስ፦ አይጻፉ። ውሳኔው፣ ዋና ምክንያቱና የልዩነት ሐሳብ ካለ እርሱ ይመዝገብ። «ክትትል እንዲደረግበት ተወስኗል» የሚል ውሳኔ ባለቤት የለውም፤ በወሩ ማንም አይጠየቅበትም። «የግዢ ኃላፊው ከ3 አቅራቢዎች ፕሮፎርማ ሰብስበው እስከ ጥቅምት 12 ለፋይናንስ ያስረክባሉ» ይበሉ። ከመበተናችሁ በፊት ውሳኔዎቹን ጮክ ብለው ያንብቡ፤ «እኔ እንዲህ አላልኩም» የሚል ካለ ያኔውኑ ይናገር። የቀጣዩ ስብሰባ የመጀመሪያ ነጥብም ይኸው ዝርዝር ይሁን።

ጥያቄ፦ የቦርዳችን አባላት ግማሾቹ ዋሽንግተን ናቸው። በዙም ስንገናኝ ሰዓት ይምታታብናል።

መልስ፦ «2 ሰዓት» ብቻ አትጻፉ፤ ያኛው ወገን በፈረንጅ አቆጣጠር ሊያነበው ይችላል። የሁለቱንም ከተማ ሰዓትና የሁለቱንም አቆጣጠር ቀን ጻፉ። በበጋቸው ልዩነታችን 7 ሰዓት፣ በክረምታቸው 8 ነው፦ የአዲስ አበባ ከምሽቱ 2 ሰዓት በእኛው አቆጣጠር በሐምሌ ለእነርሱ ከቀትር በኋላ 7 ሰዓት (በፈረንጅ 1 ሰዓት)፣ በጥር ልክ 6 ሰዓት (በፈረንጅ 12 ሰዓት) ይሆናል። ሰዓታቸውን የሚቀይሩት በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድና በማርች ሁለተኛ እሑድ ስለሆነ፣ በእነዚያ ሳምንታት ጥሪውን ደግማችሁ ላኩ።