የወደቀው የአያት ቤት ግድግዳ፦ እንደ ነበረ ይሠራ ወይስ በአዲስ ዲዛይን?

ጥያቄ፦ «ፒያሳ አካባቢ ከአያታችን የወረስነው ባለ አንድ ፎቅ ቤት አለን። ምድር ቤቱ ድንጋይ በጭቃ፣ ፎቁ እንጨትና ጭቃ ነው፤ ከፊት ለፊቱ የተፈለፈለ የእንጨት በረንዳ አለው። ባለፈው ክረምት አንዱ የጎን ግድግዳ ከመሬት እስከ ፎቁ ወለል ተናደ፣ በዚያ በኩል ያለውንም የበረንዳ ጫፍ ይዞት ወረደ። እኔ እንደ ድሮው ይሠራ ባይ ነኝ። ቨርጂኒያ ያለው ወንድሜ የወደቀውን ጎን በአርማታና በመስታወት እንሥራው ይላል፤ ገንዘቡንም የሚልከው እሱ ነው። ያማከርነው ኮንትራክተር ደግሞ የቀረው ግድግዳ በሲሚንቶ ካልተለሰነ እሱም ይወድቃል አለን። ማንን እንስማ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ሲሚንቶውን ያስቁሙ። የእርስዎና የወንድምዎ ጉዳይ ቁጭ ብላችሁ ተነጋግራችሁ የምትጨርሱት ነው። ሲሚንቶ ግን አንዴ ግድግዳው ላይ ከያዘ፣ ላንሣው ሲሉት ድንጋዩንም ጭቃውንም ይዞ ነው የሚነሣው።

ድንጋይ በጭቃ የተገነባ ግድግዳ ከመሬት እርጥበት ይስባል። የሳበውን በገጹ በኩል ፀሐይና ነፋስ ያደርቁለታል፤ እንዲህ ሆኖ መቶ ዓመት ይቆማል። በሲሚንቶ ሲለሰን መውጫው ይዘጋል። እርጥበቱ ወደ ላይ ይወጣል፣ መሐሉ ያለው ጭቃ ይላላል፣ ግድግዳው ውስጥ የገባው የወለል እንጨት ጫፍ ይበሰብሳል። ልስኑ ከውጭ ደህና ስለሚመስል ይህን ሁሉ የሚያይ ሰው የለም። በላኩልኝ ፎቶ ላይ ከፍርስራሹ አጠገብ ግራጫ ልስን ወድቆ ይታያል፤ ሳይሰባበር እንደ ሳንቃ ተገልብጧል። ጀርባው ላይ የድንጋዮቹ ቅርጽ ታትሟል፣ አጠገቡ ያለው ጭቃ ግን ጠቁሮ እርጥብ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ሰው «ላጠናክረው» ብሎ እስከ ወገብ ድረስ ለስኖታል ማለት ነው። ቤታችሁን የጣለው እርጅና ብቻ እንዳይመስልዎ። አሁን የተሰጣችሁም ምክር ያንኑ በቀሩት ሦስት ግድግዳዎች ላይ መድገም ነው።

ጎንደር ላይም የሆነው ይኸው ነው። የፋሲል ግቢ ግንቦች የተገነቡት በኖራ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ሲጠግናቸው ሲሚንቶና አርማታ አስገባባቸው። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ወዲህ በዩኔስኮ እገዛ በተካሄደው ጥገና ወደ ኖራው መመለስ አስፈለገ። የነገሥታት ግንብ ያልተቀበለውን የእናንተ ጭቃ ይቀበለዋል ብለው አይጠብቁ።

አሁን ወደ ቤቱ ልምጣ። ግድግዳው የተሸከመው የፎቅ ወለል ዛሬ በአየር ላይ ነው። ከእያንዳንዱ አግዳሚ ሥር ወፍራም አጣና ያስቁሙ፤ አጣናው አፈሩ ውስጥ እንዳይሰምጥ ከሥሩ ሰፊ ሳንቃ ይነጠፍ። የተከፈተውን ጎን በሸራ ይሸፍኑ። ፍርስራሹን ግን ማንም ጭኖ እንዳይወስደው፤ ድንጋዩ የራሳችሁ ነው፣ ሲገነባም የሚመለሰው እሱ ነው። የማዕዘኑን ጥርብ ድንጋይ ለብቻ ይለዩ፣ በከሰል ቁጥር ይጻፉበት፣ ፎቶ ያንሡት። የበረንዳውን እንጨትም የበሰበሰውን ጨምሮ ደረቅ ቦታ ያስቀምጡ። ግማሹ የጠፋ አንድ ፍልፍል ለጥሩ አናጢ ከአሥር ሥዕል ይበልጥበታል።

ድንጋይ ከመደርደሩ በፊት ውሃው ከየት እንደመጣ ይታወቅ። በፒያሳና በአካባቢው ብዙ ጊዜ የማገኘው ይህን ነው፦ መንገዱና ግቢው በየጊዜው አፈርና ኮንክሪት ሲደረብበት ኖሮ፣ ዛሬ የውጭው መሬት ከቤቱ ወለል እኩል ወይም ከፍ ብሎ ይገኛል። የጣሪያው ቆርቆሮ አሸንዳ ከሌለው ደግሞ የክረምቱ ውሃ በሙሉ ግድግዳው ግርጌ ላይ ይወርዳል። የውጭውን መሬት ቢያንስ ከወለሉ አንድ ስንዝር ዝቅ ያድርጉት፣ ከግድግዳው የሚሸሽ ተዳፋት ይስጡት፣ ግርጌውን በጠጠር ይሙሉት። አሸንዳው ከግንባታው በፊት ይሰቀል። ይህ ሳይደረግ የሚሠራ ግድግዳ፣ የድሮም ይሁን የአዲስ፣ ገንዘብ ማባከን ነው።

ግድግዳው ሲሠራ መሐሉ በጭቃ፣ የውጭ መገጣጠሚያው በኖራ ይሁን። ኖራው ያልበረደ ከሆነ ውሃ ላይ ኖራ ይጨመራል እንጂ ኖራ ላይ ውሃ አይደፋም፤ ይፈላል፣ ይረጫል፣ ዓይን ያጠፋል፤ መነጽርና ጓንት ግድ ነው። ከዚያ ውሃ እንደሸፈነው ሳምንታት ይቀመጥ፤ በቆየ ቁጥር ይለዝባል። አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ ንጹሕና ሻካራ አሸዋ ይበቃል። ድንጋዩ ሳይረጥብ አይገንቡ፤ ደረቅ ድንጋይ የኖራውን ውሃ ጠጥቶ ዱቄት ያደርገዋል። ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር የሚያስር ረጅም ድንጋይ በየሜትሩ ይግባ። ከአሮጌው ግድግዳ ጋር የሚገናኝበት ቦታ በጥርስ ይጠላለፍ፤ ቀጥ ያለ መስመር ከተተወ በዚያው ይሰነጠቃል። ኖራ ጥንካሬውን የሚያገኘው ከአየር ስለሆነ አይቸኩልም። በቀን ከግማሽ ሜትር ብዙ አይውጡ፣ የተሠራውንም ቢያንስ ለሳምንት እርጥብ ጆንያ ያልብሱት። ልስኑም የኖራ ይሁን፣ በስስ በስሱ ተደራርቦ።

ሲሚንቶ መጥፎ ነገር ሆኖ አይደለም። እኔም በየቀኑ የምሠራበት ነው። ቦታው ግን ሌላ ነው፤ እዚያ ላይ ነው ወንድምዎን የምሰማው።

ወንድምዎ የሚለው ነገር ከንቱ አይደለም። ፓሪስ ያለው የኖትርዳም ካቴድራል እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2019 ሲቃጠል ይኸው ክርክር ተነሥቶ ነበር። የፈረንሳይ ጠቅላይ ሚኒስትር ለወደቀው ሾጣጣ ጫፍ ዓለም አቀፍ የዲዛይን ውድድር ይደረጋል አሉ፤ የመስታወት ጣሪያ የሣሉም ነበሩ። በመጨረሻ በ2020 እንደ ነበረው ይሠራ ተባለና ከዋርካ የማይተናነሱ የኦክ ዛፎች ተመርጠው ተቆረጡ፣ አናጢዎች በመጥረቢያ ጠረቧቸው፣ ካቴድራሉም በታኅሣሥ 2024 ተከፈተ። እንደ ነበረው መሥራት የተቻለው ግን ሕንጻው ከቃጠሎው በፊት በሌዘር ተለክቶ፣ ተሥሎ የተቀመጠ መረጃ ስለነበረው ነው። እኔም የምለካው በዚህ ነው፦ ምን እንደነበረ ማስረጃ አለ ወይስ የለም?

የእናንተ በረንዳ ግማሹ ቆሟል። ስለዚህ ግምት አያስፈልገውም፤ በጥድ፣ በዚያው ልክ፣ በዚያው ፍልፍል ይሠራ። ግድግዳውም ድንጋዩ መሬት ላይ ስላለ እንደ ነበረ ይመለስ። አዲስ የገባው ድንጋይና እንጨት ግን አዲስ መሆኑ ይታይ። አሮጌ ለማስመሰል አታጥቁሩት፣ ባልታየ ጎኑ ዓመተ ምሕረቱን ቅረጹበት። በጀርመን ድሬዝደን ፍራወንኪርሸ የምትባለው ቤተ ክርስቲያን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፈርሳ እ.ኤ.አ. በ2005 እንደገና ተሠርታ ስትጠናቀቅ፣ ከፍርስራሹ የተነሡት ጥቁር ድንጋዮች በአዲሶቹ ፈዛዛ ድንጋዮች መሐል በየቦታቸው ገብተዋል። የትኛው የቀድሞው እንደሆነ ማንም ከሩቅ ይለያል፣ ሕንጻውም አላስቀየመም።

አርማታውን ከጎን ግድግዳው ላይ ማያያዝ ግን በፍጹም አልስማማም። አርማታ ድርቅ ያለ ነው፣ የጭቃ ግድግዳ ይለመጣል። በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የተነሣው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ የለ? እንዲህ ያለ ቀን ሁለቱ በየራሳቸው ይወዛወዛሉ፣ የሚሰነጠቀውም ደካማው የአያታችሁ ግድግዳ ነው። መታጠቢያ፣ ማብሰያ፣ ብርሃን የሚገባበት ሳሎን ያስፈልጋል? ያስፈልጋል፤ ሰው የማይኖርበት ቤት ቶሎ ይፈርሳል። ከጓሮ በኩል፣ በራሱ መሠረት ላይ፣ ከአሮጌው ቤት ቢያንስ አንድ ክንድ ተለይቶ ይሠራ። በአርማታ፣ በብረት፣ በመስታወት፣ የዘመኑን መልክ ይዞ። የሁለቱ ማገናኛ ቀላል የተሸፈነ መተላለፊያ ይሁን፤ ቧንቧና ውሃ ያለበት ክፍል ሁሉ በአዲሱ በኩል ይቅር።

ሥራው ሳይጀመር ቤቱ በቅርስነት ተመዝግቦ እንደሆነ ከከተማው ባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ቢሮ ይጠይቁ። ከተመዘገበ፣ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ጥገና አይጀመርም። ወጪው ከባለቤቱ አቅም በላይ ሲሆን መንግሥት በከፊል ሊያግዝ እንደሚችልም አዋጁ ስለሚል፣ ማመልከቻውን ሲያስገቡ ይህንንም ይጠይቁ።

ግንበኛ ሲመርጡ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሙከራ ግድግዳ በኖራ ያሠሩት፣ የዚያንም ሂሳብ ይክፈሉት። ከወር በኋላ መገጣጠሚያውን በጣትዎ ይፈትጉት፤ እንደ አመድ ከረገፈ ሌላ ይፈልጉ። ውሉ ላይ «በአሮጌው ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ አይነካም» የሚል በግልጽ ይጻፍ፣ ክፍያውም በየደረጃው ይሁን። ግንባታው ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት ላይ ይጀመር፤ ኖራው ግን ከወዲሁ ተገዝቶ ውሃ ውስጥ ይግባ። የጓሮውን ስፋት ለክተው ለወንድምዎ ይላኩለት፣ መስታወቱን ወዴት እንደሚያዞረው እሱ ይወስን።