ፕሮፖዛሉን ከመጻፋችሁ በፊት መዝገቡን ክፈቱ

የኢንፎርሜሽን ሳይንስ ተመራቂ ልጆቼ፣

ብዙ የመመረቂያ ፕሮጀክት የሚበላሸው ኮዱ እምቢ ብሎ ሳይሆን ዳታውን ቀድሞ ያየው ሰው ስለሌለ ነው። «ለኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት የተሟላ ሲስተም» የሚል ርእስ ይዛችሁ አማካሪያችሁ ዘንድ ከመሄዳችሁ በፊት የቤተ መጻሕፍቱን ኃላፊ አስፈቅዱና ከመዝገቡ 200 መስመር እንዳለ፣ ከነስሕተቱ ገልብጡ። ጠባቡና የሚያዋጣው ርእስ ከዚያ ይወጣል።

አንዱ መዝጋቢ «ሕክምና» ያለውን ሌላው «ህክምና» ብሎት ታገኛላችሁ። ዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተር ፊደላትን በቁጥር የሚለይበት ሥርዓት፣ ለሁለቱ ፊደላት የተለያየ ቁጥር ስለሰጠ አንዱን የተየበ ተማሪ ሌላውን አያገኝም። መዝገቡን ግን አታርሙ፤ የመጽሐፉ ርእስ ሽፋኑ ላይ እንዳለ ይቀመጥ። ከጎኑ የመፈለጊያ ዓምድ ጨምሩና እዚያ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይመለሱ። ተጠቃሚው የሚተይበውም ቃል ፊደሉን በሚመልሰው በዚያው ፋንክሽን (የኮድ ክፍል) ይለፍ። እዚህ ጋ የሚደጋገመው ስሕተት ግእዙን ብቻ ለውጦ ከካዕብ እስከ ሳብዕ ያሉትን መርሳት ነው፤ «ሐ»ን ለውጣችሁ «ሕ»ን ከተዋችሁት «ሕክምና» እንደጠፋ ይቀራል። ሀ እና ሃ፣ አ እና ኣም በድምፅ አንድ ናቸውና አትዝለሏቸው።

«ተጠቃሚዎች ወደውታል» የሚል መጠይቅ ለእኔ ምዘና አይደለም። 30 የፍለጋ ጥያቄዎች አዘጋጁ፤ ለእያንዳንዱ መውጣት የሚገባቸውን መጻሕፍት አስቀድማችሁ በእጃችሁ ለዩ። ከዚያ ዓምዱ ሳይኖርና ሲኖር ፕሪሲዥንን (ከወጡት መጻሕፍት ስንቱ ትክክለኛ እንደሆኑ) እና ሪኮልን (መውጣት ከሚገባቸው ስንቱ እንደወጡ) አስሉ። ሪኮል ሲጨምር ፕሪሲዥን ሊወርድ ይችላል። በግእዝ ሰአለ ማለት ለመነ፣ ሠዐለ ደግሞ ሥዕል ሳለ ነው፤ ፊደሉን አንድ ስታደርጉት ለማኙና ሠዓሊው አብረው ይወጣሉ። ፈታኙ እስኪያነሣው ሳትጠብቁ ራሳችሁ ጻፉት።

ቀኑንም ዳታቤዙ ውስጥ በጎርጎርዮሳዊው አስቀምጣችሁ በእኛው አሳዩ። 8 ዓመት ቀንሶ መሄድ አያዛልቅም፤ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ባለው ጊዜ ልዩነቱ 7 ነው። 12 ወር ብቻ የሚያስመርጥ ፎርም ደግሞ ጳጉሜን ላይ መጽሐፍ የመለሰውን ተማሪ ባለዕዳ ያደርገዋል።

በዲፌንስ ቀን፣ ሥራችሁን በፈታኞች ፊት ስታቀርቡ፣ ኔትወርክና መብራት አትመኑ፤ ሲስተሙ ላፕቶፑ ላይ ይሥራ፣ የ3 ደቂቃ ቪዲዮም በፍላሽ ይኑራችሁ። ዳታውን በኤክሴል ከፍታችሁ በተራው ሲኤስቪ (ሰንጠረዥን እንደ ተራ ጽሑፍ የሚይዝ ፋይል) አታስቀምጡ፤ የዩኒኮድ ፊደላትን የሚይዘውን ዩቲኤፍ-8 የሚለውን ካልመረጣችሁ አማርኛው የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይቀራል፣ ወደ ነበረበትም አይመለስም።

ፖርትፎሊዮውን (ሥራችሁን የምታሳዩበትን ስብስብ) ለማዘጋጀት ምረቃን አትጠብቁ። አንድ በደንብ የተብራራ ሥራ ከ10 ግማሽ ሥራ ይሻላል። ችግሩን፣ የዳታቤዙን ንድፍ፣ የምዘናውን ሰንጠረዥና በቡድኑ ውስጥ የእናንተን ድርሻ በአንድ ገጽ አስቀምጡ። መጽሐፍ የተዋሱትን ሰዎች ስምና ስልክ በሐሰተኛ ተኩ። የዳታቤዙ የይለፍ ቃል ኮድ በሚጋራበት ድረ ገጽ በጊትሀብ ላይ ከወጣ ደግሞ ፋይሉን ማጥፋት አይበቃም፤ በቀድሞው ታሪክ ውስጥ ይታያልና ያን ቀን የይለፍ ቃሉን ቀይሩት።