የሱልጣን ሱለይማንን ድራማ ለምትወዱ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

በቱርክኛ «ሙህተሼም ዩዝዪል»፣ በዓረቡ ዓለም ደግሞ «ሐሪም አስ-ሱልጣን» የተባለውን ተከታታይ ድራማ የምትወዱ ብዙ ናችሁ። ቃና በ2016 የቱርክ ድራማን በአማርኛ ድምፅ ካስለመደን ወዲህ የቱርክ ተዋንያን በየቤታችን ቤተኛ ሆነዋል። በዱባይ፣ በጅዳና በቤይሩት ለሚኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ የኦቶማኑ ሱልጣን ሱለይማንና ተወዳጇ ሁረም በዓረብኛ የሚናገሩ ሰዎች ናቸው። ይህን የምጽፈው ድራማውን እንድትተዉ አይደለም፤ በፍቅር የምታዩአቸው ሰዎች በእርግጥ ኖረው የሞቱ ስለሆኑ፣ ስለ እነሱ የምትናገሩት ነገር ከየት እንደመጣ እንድታውቁ ነው። ዓመተ ምሕረቱን፣ ካልገለጽሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ውሰዱልኝ።

ድራማው ከጥር 2011 እስከ ሰኔ 2014 በ139 ክፍሎች ቀረበ። ገና ሲጀምር ለቱርክ የብሮድካስት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ከ70,000 በላይ አቤቱታ ጎረፈ። በኅዳር 2012 የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ኤርዶዋን ሱለይማን በእልፍኝ ሳይሆን 30 ዓመት በፈረስ ጀርባ ያሳለፈ ሰው ነው ብለው ድራማውን ነቀፉ። በየካቲት 2014 የሱለይማን ልጅ ልዑል ሙስጠፋ በአባቱ ትእዛዝ የተገደለበት ክፍል ሲታይ ደግሞ ሕዝቡ ቡርሳ ወዳለው መቃብሩ ጎረፈ፤ ከሞተ 460 ዓመት ላለፈው ሰው ተለቀሰ። የተቆጡትም ያለቀሱትም ከልባቸው ነበር። ግን ቍጥሩን እንይ። ሱለይማን ከ1520 እስከ 1566 ነገሠ፣ 13 ዘመቻ ራሱ መራ፣ በዘመቻ ያሳለፈው ጊዜ ቢደመር ወደ 10 ዓመት ገደማ ነው። እንግዲህ ሕይወቱን በሙሉ በእልፍኝ አላሳለፈም፤ 30 ዓመትም ከፈረስ ሳይወርድ አልኖረም።

አንድ ክፍል ስታዩ ደብተር ያዙና አንድ ጉዳይ ብቻ ምረጡ። ሁሉን ልመርምር ያለ ሰው በሦስተኛው ቀን ይሰለቻል። የመረጣችሁትን ጉዳይ በአራት ጥያቄ ፍቱት፤ መቼና የት ሆነ? ማን ነበረበት? ምን ተባለ? ለምን ሆነ? መቼና የት የሚለው ብዙ ጊዜ በቀላሉ ይገኛል። በእልፍኝ ውስጥ የተባለው ቃል ያለ ጥርጥር የድራማው ደራሲ ፈጠራ ነው፤ በዚያ ጊዜ አጠገባቸው ቆሞ የጻፈ ሰው የለም። ሥራው ያለው «ለምን» ላይ ነው። የልብስ ስሕተት፣ የዘውድ ስሕተት፣ የአንገት ቅድ ብዙ ያጨቃጭቃል፤ እኔ ግን ቀላል ነው እላለሁ። የተሳሳተ ምክንያት ግን ሰው አእምሮ ውስጥ ከገባ አይወጣም።

ከሁሉ የሚበልጠውን ምሳሌ ልንገራችሁ። ድራማው ሲጀምር ሱልጣኑ፣ እናቱ፣ ዕቁባቶቹና ቪዚሮቹ (ሚኒስትሮቹ) ሁሉም በቶፕካፒ ቤተ መንግሥት በአንድ ጣራ ሥር ናቸው። በ1520 እንዲህ አልነበረም። የሱልጣኑ ቤተሰብ ሴቶች የሚኖሩት ዛሬ የኢስታንቡል ዩኒቨርሲቲ ባለበት በባያዚት ሰፈር በነበረው አሮጌው ቤተ መንግሥት ነበር። ቶፕካፒ፣ ማለትም የመንግሥት ምክር ቤቱ፣ ግምጃ ቤቱና የወጣት አገልጋዮቹ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ወደ ሁለት ኪሎ ሜትር ይርቃል። ሱልጣኑ ወደ ሴቶቹ ይሄዳል እንጂ ሴቶቹ መንግሥቱ ካለበት አይኖሩም። ሁረም በ1534 አካባቢ በሕግ ሚስቱ ሆነች፤ ከጋብቻው በኋላ ባሉት ዓመታትም መኖሪያዋን ወደ ቶፕካፒ አዛወረች። ይህ በዚያ ዘመን ታይቶ የማይታወቅ ነገር ነበር። የሴት ድምፅ ለመንግሥት ጆሮ የቀረበው በዚያ እርምጃ ነው። ድራማው ሁሉንም ከመጀመሪያው ቀን አንድ ግቢ ሲያስገባቸው ለቀረጻ ተመችቶታል፤ በየሳምንቱ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ የሚሞላ ታሪክ ያለ ኮሪደር ግጥሚያ አይሠራም። ግን የሁረምን ትልቁን ሥራ ከዓይናችን ሰወረው። እሷን አብዝቶ የሚያፈቅር ተመልካች ስለ መርዝና ስለ ተንኮል ይከራከርላታል፣ ከቤት ወደ ቤት ያደረገችውን ጉዞ ግን አያውቅም።

የሙስጠፋ እናት የሆነችው የሱለይማን ዕቁባት የማህደቭራን ነገርም እንዲሁ ነው። ልጇ ሙስጠፋ በ1533 ወደ ማኒሳ ሲላክ አብራው መሄዷን ብዙዎች እንደ ግዞት ያዩታል። ልማዱ ግን ይህ ነበር። ወንድ ልጅ የወለደች ዕቁባት ከዚያ በኋላ ከሱልጣኑ አትወልድም፤ ልጁ ለአካለ መጠን ሲደርስ ወደተሾመበት ክፍለ አገር አብራው ትሄድና ቤቱን ታስተዳድራለች። ማህደቭራን የሄደችው ወደ ተገቢው የእናትነት ሹመቷ ነው። ልማዱን ያፈረሰችው ሁረም ናት፤ ከአንድ በላይ ወንዶች ወለደች፣ ከልጆቿም ጋር ወደ ክፍለ አገር አልወረደችም። ልዑላንን በአምባ ግሸን የዘጉ ነገሥታትን ታሪክ ለሚያውቅ የእኛ አገር አንባቢ የዙፋን ወራሽን እንዴት እንያዝ የሚለው ጭንቀት እንግዳ አይሆንበትም።

ቀጥሎ ምስክሩን መርምሩ። ማህደቭራን ሁረምን ደበደበቻት የሚባለው በቬኒስ መልእክተኛው ናቫጄሮ በ1553 ባቀረበው ዘገባ ይገኛል። ጠቡ ግን ሆነ የሚባለው ከሦስት ዐሥርት ዓመት ገደማ በፊት ነው፣ የቬኒስ መልእክተኛም ወደ ሐረም፣ ማለትም ወደ ሴቶቹ መኖሪያ፣ አይገባም። ስለ ሙስጠፋ መገደል በሰፊው የጻፈው የኦስትሪያው የሀብስበርግ ሥርወ መንግሥት መልእክተኛ ቡስቤክ ኢስታንቡል የደረሰው ልዑሉ በጥቅምት 1553 ከተገደለ ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። የጻፈው የሰማውን ነው። ይህ ማለት ዋሽቷል ማለት አይደለም፤ ባለቅኔው ታሽሊጃሊ ያህያ ለሙስጠፋ በጻፈው ሙሾ የሱልጣኑን አማች ሩስተም ፓሻን ስለከሰሰ፣ ሐሜቱ በዚያው ዘመን እንደነበር እናውቃለን። ስለዚህ በደብተራችሁ «ሩስተምና ሁረም አስገደሉት» አትበሉ፤ «በዘመኑ የነበሩ ሰዎች ሩስተምንና ሁረምን ይከሱ ነበር» በሉ። በሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ነው።

ከሁሉ የሚሻለው ምስክር የሰዎቹ የራሳቸው ጽሑፍ ነው። ሁረም ለሱለይማን የላከቻቸው ደብዳቤዎች ዛሬም አሉ። በአንደኛው ሱለይማን በዋናው ቪዚር በኢብራሂም ፓሻ ለምን እንደተቀየመች ጠይቋት፣ ስንገናኝ እነግርሃለሁ ብላ አልፋዋለች። ቅያሜው እውነት እንደነበረ በዚህ እናውቃለን፤ ምክንያቱን ግን ወረቀት ላይ አላሰፈረችውም። ኢብራሂም በመጋቢት 1536 ሲገደል በኢራቅ ዘመቻ ላይ የ«ሱልጣን» ማዕረግ መጠቀሙና የግምጃ ቤቱን ሹም እስክንድር ቸለቢን ማስገደሉም ጥፋት ሆኖ ተቆጥሮበት ነበር። የእሱንና የሱለይማን እህት የሐቲጄ ሱልጣንን ጋብቻ ደግሞ ድራማው ብቻ አይደለም፣ የታሪክ መጻሕፍትም ለረጅም ጊዜ እርግጥ አድርገው ጽፈውታል። በኋላ የተደረገ ጥናት ግን የኢብራሂም ሚስት ሙህሲኔ የምትባል ሌላ ሴት እንደነበረች አሳይቷል። መጽሐፍ ላይ አየሁት ማለት ብቻውን እንደማይበቃ ከዚህ ተረዱ።

ሥዕልም ያሳስታል። የሁረም ነው እየተባለ የሚዞረው የጣሊያናዊው ሠዓሊ የቲሲያኖ ሥዕል ከፊቷ የተሣለ አይደለም፤ ሠዓሊው ኢስታንቡልን አላየም።

የቀን ስሕተት ደግሞ ለእኛ ሰው ልዩ ወጥመድ አለው። የ16ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ቀን፣ እስከ 1582 ድረስ፣ በጁሊያን አቆጣጠር የተጻፈ ነው። በዚያ አቆጣጠር የእኛ መስከረም 1 የሚውለው ሴፕቴምበር ውስጥ ሳይሆን ኦገስት 29 ላይ ነው፤ በአራት ዓመት አንዴ ኦገስት 30 ይሆናል። ሱለይማን የሃንጋሪን ጦር ያሸነፈበት የሞሃች ጦርነት የተደረገው ኦገስት 29 ቀን 1526 ነው፤ ይህም በእኛ የ1519 ዓ.ም. ዕንቍጣጣሽ ማለት ነው። በስልካችሁ የቀን መለወጫ ብታስገቡት ግን ቀኑን እንደ ዛሬው አቆጣጠር ቆጥሮ ነሐሴ መጨረሻ 1518 ይላችኋል። በመጀመሪያ 10 ቀን ጨምሩበትና ለውጡት።

የሱለይማን ዘመን ከእኛም ታሪክ ጋር የተጋመደ ነው። ሱለይማን ቪየናን በከበበበት በዚያው በ1529፣ በመጋቢት፣ ዐፄ ልብነ ድንግል በሽምብራ ኩሬ በኢማም አሕመድ ተሸነፉ። በ1542 የፖርቱጋሉ ጦር አዛዥ ክሪስቶቫው ዳ ጋማ በወፍላ ሲማረክና ሲገደል በኢማሙ ወገን ከየመን የመጡ ባለ ጠመንጃ የኦቶማን ወታደሮች ነበሩ። የኦቶማኑ ኦዝደሚር ፓሻ በ1557 ምጽዋን ያዘ። በሱለይማን የልጅ ልጅ በሙራድ 3ኛ ዘመን የሐረሙ ጃንደረቦች አለቃ ሆኖ ትልቅ ሥልጣን የያዘው ሰውም ሐበሺ መሕመድ አጋ ይባል ነበር። የሽምብራ ኩሬን ዘመን ለመመርመር የኢማሙን ወገን የዓረብ ፈቂህን ጽሑፍና የነገሥታቱን ዜና መዋዕል ጎን ለጎን አስቀምጡ፤ የትኛው ወገን ምን እንዳልጻፈ መዝግቡ።

የሁረም ደጋፊና የማህደቭራን ደጋፊ ሆናችሁ የምትሰዳደቡ ደግሞ አንድ ነገር እወቁ። በቡርሳ ሙራዲዬ ለሙስጠፋ መቃብር ቤት ያሠራለት የሁረም ልጅ ሱልጣን ሰሊም 2ኛ ነው። ማህደቭራንም በ1581 ስታርፍ የተቀበረችው እዚያው ከልጇ ጋር ነው።

ከእናንተ መካከል ነገ ስለ ራሳችን ነገሥታት ድራማ የምትጽፉ ይኖራሉ። ጽሑፋችሁን ስትጨርሱ በሦስት ቀለም አስምሩበት፤ ሰነድ ያለውን በሰማያዊ፣ በዘመኑ ሰዎች ተብሎ የተወራውን በአረንጓዴ፣ እናንተ የፈጠራችሁትን በቀይ። ቀዩ ቢበዛ አትደንግጡ፣ ያለ ፈጠራ ድራማ የለም። ቀዩ የአንድን እውነተኛ ሰው ግድያ ምክንያት ከያዘ ግን ያንን ቦታ እንደገና ጻፉት፤ ወይም ገዳዩን በፈጠራ ስም ለሚጠራ ሰው ስጡት።