መልስ፦ ስለ ስዊድኑ የበቀል ፊልም «ትሪለር»

ጤና ይስጥልኝ። በ1973 እ.ኤ.አ. የተሠራውን የዳይሬክተር ቦ አርነ ቪቤኒየስን ፊልም አንዱ ተመልካች ሲያወድሰው ሌላው ለምን አጥብቆ እንደሚነቅፈው ጠይቀዋል። በእኔ እምነት ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው። ተዋናይት ክሪስቲና ሊንድበርግ የምትጫወታት፣ የበደሏትን የምትበቀል መናገር የማትችል ሴት አንድ ዓይኗን ሸፍና፣ ረጅም ጥቁር ካፖርት ደርባና አፈሙዙ የተቆረጠ ጠመንጃ ይዛ ስትመጣ ቁጣዋ የሚነበበው ከፊቷ ብቻ ነው፤ «ኪል ቢል» በተባለው የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ላለችው ባለ አንድ ዓይን ገዳይ መነሻ የሆነውም ይኸው መልክ ነው። ግድያዎቹ እጅግ በዘገየ እንቅስቃሴ መቅረባቸው ብዙዎችን ያሰለቻል፤ እኔን ግን እያንዳንዱን ሞት እስከ መጨረሻው እንድመለከት አስገድዶኛል። ይቅር ልለው የማልችለው በሌሎች ተዋንያን ተሠርተው ፊልሙ ውስጥ የተቀጠሉትን ግልጽ የወሲብ ትዕይንቶች ነው፤ የተበዳይዋን ሕመም የገበያ ዕቃ ስለሚያደርጉት፣ እነርሱ ተቆርጠው የወጡበትን ቅጂ ፈልገው እንዲያዩ እመክርዎታለሁ።