ሳነቴ ላይ እምቢ ያለው ክክ

ሰሞኑን የደረሰኝ ጥያቄ ከአንድ የአራት ኪሎ ልጅ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ጋሼ፣ አራት ጓደኛሞች ሆነን በላንድ ክሩዘር ባሌ ሄደን ነበር። ምድጃው አናቱ ላይ የሚገጠምለት ትንሽ ሲሊንደር ይዘናል። ቤት ስንሞክረው አንደኛ ነበር። ሳነቴ ላይ ድንኳን ተክለን፣ ነፋሱን ዙሪያውን በላሜራ ጋርደን ክክ ወጥ ጣድን። እሳቱ ቢጫ ሆነ፤ ድስቱ ከሰል መሰለ። ትንሽ ቆይቶ ነበልባሉ እያነሰ ሄደ። ሲሊንደሩን ስንነቀንቀው ግን ግማሽ ያህል አለው። ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላም ክኩ ጠጠር ነው። ብስኩት በልተን ተኛን። አዲስ አበባ ስንመለስ ያው ምድጃ ደህና አድርጎ ይሠራል። ሻጩን ሄጄ ተጣላሁት። የተበላሸው ምድጃው ነው ጋዙ?»

ሁለቱም ደህና ናቸው። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ምድጃ ስጠግን ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ከጉዞ መልስ «ተበላሸ» ተብሎ የሚመጣልኝ ምድጃ ብዙውን ጊዜ ያለበት አቧራ ብቻ ነው። ያንተ ግን አንድ ችግር አይደለም። ሦስት ናቸው፤ በአንድ ማታ ተገጣጠሙብህ።

ከክኩ እንጀምር። እሱ ላይ የዓለም ምርጥ ምድጃ ብትይዝም አያድንህም።

ውኃ የሚፈላበት ሙቀት እንደ ቦታው ከፍታ ይለያያል። ባሕር ጠለል ላይ 100 ዲግሪ ነው። ወደ ላይ 300 ሜትር በወጣህ ቁጥር አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች እዚህ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። እናቶቻችን ክክ የሚያበስሉበትን ሰዓት የለመዱት በዚህ ነው። ሳነቴ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያው ያለው የቱሉ ዲምቱ ተራራ ጫፉ 4,377 ሜትር ይደርሳል። እዚያ ውኃህ 86 ወይም 87 ዲግሪ ላይ መንተክተክ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ እሳቱን ብትጨምርበት ቶሎ ይተናል እንጂ አይሞቅም። አንተ ድስቱ ሲንፈቀፈቅ አይተህ «ፈላ» ብለሃል። ፈልቷል፤ ለክኩ የሚበቃ ሙቀት ግን የለውም።

መድኃኒቱ ፕሬዠር ኩከር ነው። እንፋሎቱን አፍኖ ስለሚይዝ፣ ሳነቴ ላይም ቢሆን ውስጡ ወደ 110 ዲግሪ ይደርሳል። ክክም ሽምብራም ሥጋም ይበገርልሃል። ስትገዛ ትንሹን ግዛ፤ ለአራት ሰው ትልቁ መኪና ውስጥ ቦታ ይፈጃል እንጂ አይጠቅምም። ከመሄድህ በፊት የክዳኑን ጎማና የእንፋሎት መውጫውን እይ። መውጫው በምግብ ፍርፋሪ ከተደፈነ ድስቱ ቦንብ ነው። ክክ ደግሞ ሲፈላ አረፋው ብዙ ስለሆነ ከግማሽ በላይ አትሙላው።

ፕሬዠር ኩከር ከሌለህ ሌላ መላ አለ። ክኩን ጠዋት ዲንሾ ወይም ጎባ ሳለህ ደህና አድርገህ አፍላው። ከነፈላ ውኃው ሰፊ አፍ ባለው ፔርሙስ ገልብጠህ ግጥም አድርገህ ዝጋ። መኪናው እየሄደ ክኩ እየለሰለሰ ይውላል። ማታ የሚቀርህ ማጣፈጥ ብቻ ነው፤ ግን ከመብላትህ በፊት እንደገና አፍላው። አንድ ነገር ልብ በል፦ ቲማቲም ክኩ ሳይለሰልስ አትጨምር። ኮምጣጣ ነገር ጥራጥሬን ያደነድነዋል። ይሄ ቤትም ይሠራል።

አሁን ወደ ጋዙ። «ግማሽ አለው ግን አይነድም» ያልከው ብዙ ሰው የሚያታልል ነገር ነው። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ነው። ምድጃው ግን የሚያነደው ፈሳሹ ተንኖ ጋዝ ሲሆን ነው። ለመትነን ደግሞ ሙቀት ይፈልጋል። ያን ሙቀት የሚወስደው ከሲሊንደሩ ብረትና በዙሪያው ካለው አየር ነው። ለዚህ ነው ምድጃው ሲሠራ ቆይቶ ሲሊንደሩን ብትነካው የሚቀዘቅዘው፤ አንዳንዴ እንደ በረዶ ነጭ ነገር ያወጣል። ሳነቴ በበጋ ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል። ከየት አምጥቶ ይሙቅ?

በዚያ ላይ ፈሳሹ ድብልቅ ነው፤ ፕሮፔንና ቡቴን። ባሕር ጠለል ላይ ፕሮፔን የሚተነው −42 ዲግሪ ላይ ነው፤ ብርድ አይፈራም። ቡቴን ግን ዜሮ አካባቢ ሲደርስ ይሰንፋል። ሲሊንደር ሲጎድል ቀድሞ በብዛት የሚወጣው ፕሮፔኑ ነው። ግማሽ በሆነ ሲሊንደር ውስጥ የሚቀርህ ብርድ የሚፈራው ነው። አዲስ አበባ ሲመለስ ሞቀውና ነቃ። ሻጩን የተጣላኸው በዚህ ነው።

ለብርድ አገር እንግዲህ ሙሉ ሲሊንደር ይዘህ ሂድ። ቀን ቀን መኪና ውስጥ ጥላ ይዞ ይቆይ፤ ሲመሽ ውጭ አትተወው። ነበልባሉ ሲያንስ ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ውኃ አድርገህ አቁመው። እጅህን የማያቃጥል ለብታ ማለቴ ነው። የፈላ ውኃ አይሆንም፤ እሳት አጠገብ ማስጠጋትማ ጨርሶ አይታሰብም። ጋቢ የሚያለብሱትም አሉ። ጋቢ ያለውን ሙቀት ይይዛል እንጂ አዲስ ሙቀት አይሰጥም፤ እየነደደ ሳለ ብታለብሰው እንዲያውም ከአየሩ የሚያገኘውን ትከለክለዋለህ።

ሲሊንደሩን አጋድመህ ወይም ዘቅዝቀህ ለማንደድም እንዳትሞክር። ፈሳሹ ራሱ ወደ ምድጃው ይመጣና እሳቱ ክንድ አክሎ ይወጣል። ይህን ከመጽሐፍ አይደለም ያወቅሁት። በወጣትነቴ «ትንሽ ቀርቶታል» ብዬ አጋድሜ ቅንድቤን ከፍዬበታለሁ። ሚስቴ እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች፤ እኔ ግን አልስቅም።

ሦስተኛው ቢጫው እሳት ነው። ሰማያዊ ነበልባል ማለት ጋዙ በቂ አየር አግኝቶ ነደደ ማለት ነው። ቢጫና ጥላሸት ሲሆን አየር አጥሮታል። ሳነቴ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ትንሽ ቢጫነት አይቀርም። አንተ ግን ላሜራውን ዙሪያውን ግጥም አድርገህ ዘጋህበት። ድስቱ የጠቆረው ለዚያ ነው። ጥላሸቱ እንኳ ይታጠባል። ያስደነገጠኝ ሌላው ነው፤ ምድጃው ሲሊንደሩ አናት ላይ ስለሆነ ላሜራው ሙቀቱን ወደ ሲሊንደሩ መለሰው። ብርዱ አዳነህ እንጂ አዋሽ ወይም አፋር ሜዳ ላይ ብትሆን ይህን ደብዳቤ ባልጻፍክልኝ ነበር።

ስለዚህ ምክሬ ይህን ምድጃ ለቡና ተውና በጎማ ቱቦ የሚገናኝ፣ ዝርግ ምድጃ ግዛ። ሲሊንደሩ ርቆ ይቆማል፤ ነፋሱን ስትጋርድ እሱን አትነካውም። ቱቦውን በሁለቱም ጫፍ በፋሸታ አጥብቀው። መጋረጃውን ምናለሽ ተራ ሄደህ ከላሜራ አሠራ፤ በሦስት ጎን የሚታጠፍ፣ አራተኛው ክፍት የሆነ፣ ከሥሩ ጣት የምታስገባ ክፍተት ያለው።

መንገድ ላይ የጠጣኸው አቧራም ምድጃው ውስጥ አለ። ኖዝሉን፣ ጋዙ የሚወጣበትን ባለ ቀዳዳ ብሎን ማለቴ ነው፣ ፍታና ጎሚስታ ቤት ወስደህ በኮምፕሬሰር አስነፋው። በመርፌ እንዳትጎረጉረው። ቀዳዳው የፀጉር ያህል ከሰፋ ጋዙ ይበዛና ቢጫው እሳት አዲስ አበባም ይከተልሃል። መልሰህ ስትገጥመው መጋጠሚያዎቹን ሁሉ የሳሙና አረፋ ቀባ። ከተኩረፈረፈ ያፈሳል።

መኪና ውስጥ ሲሊንደሩ ቆሞ፣ ታስሮ፣ ቫልቩ ተዘግቶ ይጓዝ። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ካፈሰሰ ወለሉ ላይ ይተኛል፤ መስኮት መክፈት ብቻ አያስወጣውም፣ በሮቹን ክፈት። ድንኳንና መኪና ውስጥ ደግሞ ጋዝም ከሰልም አይነድም። የከሰል ጭስ በየቤቱ ያደረገውን አዲስ አበባ ውስጥ የማያውቅ የለም።

ምግቡን በተመለከተ፣ እኔ ምድጃ ጠጋኝ ነኝ እንጂ ወጥ ቤት አይደለሁም። ግን ከአስጎብኚ ሾፌሮች ጋር ብዙ ቡና ጠጥቻለሁ። ጥሩ የሚበሉት ብዙ ዕቃ የሚጭኑት አይደሉም፤ ከባዱን ሥራ እዚሁ ጨርሰው የሚወጡት ናቸው። ሽንኩርት ማቁላላት ጋዝ ይበላል። ቁሌቱን ቤት ደህና አድርገህ አብስል፣ ቀዝቅዞ በጠርሙስ ያዘው። ቁሌት ያለው ሰው ሳነቴ ላይ በሩብ ሰዓት ሽሮ ይበላል፤ ሽሮ ዱቄት ስለሆነ በ87 ዲግሪም ይሆናል። ቋንጣ ካለህ በዚያው ቁሌት ቋንጣ ፍርፍር ነው። ምስር ከፈለግህ ቀዩን ክክ ያዝ፤ ከአተሩ በጣም ይፈጥናል። ፓስታም ቀጭኑን ምረጥ። እንጀራው ለብርድ አገር ሦስት ቀን አያስቸግርም። ወደ አፋር ከሆነ ግን በፌስታል ታፍኖ ቶሎ ይሻግታል፤ ለዚያ ድርቆሽ ይሻላል። ለመጀመሪያው ማታ፣ ሁሉም ደክሞት እሳት ማየት በማይፈልግበት ሰዓት፣ በሶ ይኑርህ። ብስኩቱን ይተካል።

የተረፈውን ግማሽ ሲሊንደር አትጣለው፤ እዚህ እስኪያልቅ ቡና አፍላበት። ሻጩ ጋ ስትሄድም ባዶ እጅህን አትሂድ።