ጋዋን ሰቅሎ ወደ ጤና መምሪያ መግባት

ጥያቄ፦ በደቡብ ወሎ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል አራት ዓመት በጠቅላላ ሐኪምነት ሠርቻለሁ። አሁን በዞኑ ጤና መምሪያ የእናቶችና ሕፃናት ጤና ሥራን እንዳስተባብር ተጠይቄአለሁ። ባልደረቦቼ «ሙያህን ቀብረህ ወረቀት ልትገፋ ነው» ይሉኛል፤ እናቴም ከፍቷታል። ስፔሻሊቲ ልጠብቅ ወይስ ልሂድ? ከሄድኩስ ምን ልማር?
(ጠቅላላ ሐኪም)

መልስ፦ እኔም በዚያው በር ያለፍኩ ነኝና የባልደረቦችዎ ነገር አዲስ አልሆነብኝም። መምሪያ በገባሁ በጥቂት ወራት ውስጥ ለድጋፋዊ ክትትል አንድ ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ባለው የማዋለጃ ክፍል መደርደሪያ ላይ፣ ከወሊድ በኋላ የሚፈስን ደም ለመግታት የሚወጋው የኦክሲቶሲን ብልቃጦች ተደርድረዋል፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ የሚገባው ይህ መድኃኒት በሙቀት ኃይሉን እንደሚያጣ ያውቃሉ። የክትባት ማቀዝቀዣው ከግድግዳው ማዶ ነበር፤ ነገር ግን «ከክትባት ሌላ አይገባም» ተብሎ ተቆልፏል። አዋላጇ «ስንወጋው ደሙ ቶሎ አይቆምም» አለችኝ። ሆስፒታል ሳለሁ ደም እየፈሰሳቸው በሪፈር የሚደርሱትን እናቶች ሌሊት ስቀበል ኖሬ፣ መድኃኒቱ የት ያድር እንደነበር ጠይቄ አላውቅም። ከማቀዝቀዣው አንድ መደርደሪያ ለኦክሲቶሲን ተለይቶ እንዲሰጥ ያደረገው አንድ ደብዳቤና የሁለት ወር ክትትል ነው። ወረቀት መግፋት የሚሉት ይህንን ከሆነ፣ መግፋቱ አያሳፍርም።

በአገራችን ይህ መንገድ እንግዳ አይደለም። በደምቢያ ብዙ ሕዝብ የፈጀው የወባ ወረርሽኝ ካስደነገጠ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በቡድን ያሠለጠነው አልጋ ላይ ከተኛው በሽተኛ ባሻገር መንደሩን እንዲያዩ ነበር። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም በየቀበሌው ሁለት ሴት ሠራተኞችን ሲመድብ የዚያው አስተሳሰብ ልጅ ነው። በ1992 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች ከመቶ 5 ነበሩ፤ በ2008ቱ ጥናት 26 ደረሱ። የጨመረው የሐኪም ቁጥር ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር።

ስፔሻሊቲውን በተመለከተ፣ አንዱ ሌላውን አይዘጋም። ከ2012 እስከ 2016 ዓ.ም. የጤና ሚኒስትር የነበሩት ዶ/ር ሊያ ታደሰም፣ የተኳቸው ዶ/ር መቅደስ ዳባም የማሕፀንና ጽንስ ስፔሻሊስቶች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅትን የሚመሩት ዶ/ር ቴድሮስ አድኃኖም ግን ሐኪም አይደሉም፤ ይህን የምጠቅሰው የሕክምና ዲግሪያችን ብቻውን ለአመራር እንደማያበቃን ሳንኮራ እንድናስታውስ ነው።

የሕብረተሰብ ጤና ማስተርስ ይጠቅማል፤ ከዚያ በፊት ግን የፋይናንስ ሠራተኛው አጠገብ ወንበር ስበው ይቀመጡ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የግዥ ጥያቄዎን እስከ መስከረም ካላስገቡ ሰኔ ላይ የሚገዛልዎት ያላዘዙት ዕቃ ሊሆን ይችላል። ይህን እኔ ዘግይቼ ተማርኩት።

ይሂዱ እላለሁ። ሆኖም ከመፈረምዎ በፊት፣ በሳምንት አንድ ቀን በቀድሞ ሆስፒታልዎ ማዋለጃ ክፍል እንደሚሠሩ በምደባ ደብዳቤው ላይ እንዲሰፍር ይጠይቁ፤ በቃል የተሰጠ ፈቃድ ኃላፊው ሲቀየር ይረሳል። እናትዎም ቢያንስ በዚያ ቀን ቅር አይላቸውም።